ያለ ሜትር የተቆረጠው ቀሚስ

ድንቢጥ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ ነው፤ እሱንም በተራው ሁሉም ሰው ካውያ ይለዋል። ድንቢጥ የተባለችው አንድም እፍኝ የማትሞላ ስለሆነች፣ አንድም አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማትችል ነው። ያም ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ሆና ቁልፍ ተክላለች፣ ጠርዝ ቀምቅማለች፣ ዚፕ ቀይራለች። «የሷ እጅ የተከለው ቁልፍ ሸሚዙ ቢያልቅም አይወልቅም» ይላሉ ደንበኞች፤ ማጋነን አይደለም።

በዚያ ሁሉ ዓመት ያልነካችው ነገር ቢኖር የቆራጩን ጠረጴዛ ነው።

ልብስ ስፌት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉም ሰፊ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። ከሁሉ በላይ ቆራጩ አለ። ስፌት ቢሳሳት ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ መቀስ ከተሳሳተ ግን ያ ጨርቅ አከተመ። ስለዚህ ቆራጩ በክፍሉ መሀል ቆሞ ይሠራል፣ ትልቁ መብራት የተንጠለጠለው ከሱ ራስ በላይ ነው፣ ሻይ ሲመጣም መጀመሪያ የሚቀርበው ለሱ ነው። ሌላው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ አቀርቅሮ ይሰፋል። ድንቢጥ የቋመጠችው ለሻዩ አልነበረም። ጨርቅ ገና ምንም ሳይሆን፣ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ ሳለ፣ ውስጡ ያለው ቀሚስ ይታያት ነበር። ያንን ቀሚስ በገዛ እጇ ማውጣት ነበር ምኞቷ።

ስፌት ያስተማሯት እናቷ ናቸው። እናቷ ቁጥር አልቆጠሩም፤ ሜትር ቢሰጧቸው ዕቃ ያስሩበት ነበር። በስንዝርና በጣት እየለኩ ግን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አልብሰዋል። ድንቢጥም ሥራ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ቆራጩ ወጣ ሲል ለአንድ ኮት የሚሆን ገበር ኮቱን በስንዝር ለክታ ቆረጠች። አለቃው ከኋላዋ ቆመው ኖሯል።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ገበሩን ነው ጋሼ፣ ሰውየው ቸኩሎ ስለነበር…»

«በስንዝር?» መነጽራቸውን አወለቁና ቤቱን ሁሉ ጠሩ። «ኑ እዩ! ምሥክር ሁኑኝ! እኔ ሠላሳ ዓመት በሜትር ስቆርጥ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ይህቺ በስንዝር! ስሚ ልጄ፣ በስንዝር የሚለካ ሰው በኔ መቀስ አይጫወትም።»

ገበሩ ልክ መሆን አለመሆኑን ማንም አልጠየቀም። ልክ ነበር። ድንቢጥ ከዚያ በኋላ ሜትሩን ከነሚሊሜትሩ ብታጠናውም ያ ቀን እንደ እድፍ ሳይለቅ ዘጠኝ ዓመት ከረመ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ነው ነገሩ የተነሣው። ቆራጩ ሽማግሌ ሆኗልና ወር ሲያልቅ ሥራውን ትቶ ልጁ ወዳለችበት ከተማ እንደሚሄድ ተናገረ። ድንቢጥ ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆየችና በሦስተኛው ቀን አለቃው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ የቆራጩን ቦታ ለኔ ቢሰጡኝስ?»

«አንቺ ከተነሣሽ ቁልፉን ማን ሊተክል ነው?»

«ሰው ይገኛል።»

«ቆራጭም ይገኛል፤» አሉ አለቃው። ከዚያ ፊቷን አይተው ይሁን ምን ይሁን ለዘብ አሉና፣ «እስቲ እናያለን» ብለው ወደ ደብተራቸው ተመለሱ።

ካውያ በእንፋሎቱ መሀል አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «‹እናያለን› ካሉ እኮ ዓይናቸውን ጨፍነዋል ማለት ነው» አለ።

«አንተ ደግሞ አፍህን ተኩሰው!»

ይህ ሁሉ ሲሆን ድንቢጥ ሌላ ሕይወት ነበራት፤ ስልኳ ውስጥ። ነገሩን የጀመረችው የባሏ እህት ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ምላሷ የሰላ፣ ስልክ ከእጇ የማይለይ፣ ጉዳይ ከጀመረች ሳትጨርስ የማትለቅ ሴት ናት። አንድ እሑድ ድንቢጥ የተቀደደ የትምህርት ቤት ሱሪ ጉልበት ምንም ሳያስታውቅ ስትጠግን አየቻትና፣ «ይህን እያወቅሽ ዝም? ነውር ነው!» ብላ እዚያው ገጽ ከፈተችላት። ስሙን «መርፌና ክር» አሉት።

ድንቢጥ የምትጽፈው በምሳ ሰዓት ነው፤ በአንድ እጇ እየጎረሰች በሌላው አውራ ጣቷ ፊደል እየለቀመች። መጀመሪያ የጻፈችው ስለሚነክስ ዚፕ ነበር፦ ጥርሱን በሻማ አሹት፣ እንቢ ካለ በእርሳስ ጫፍ፣ እሱንም እንቢ ካለ ወደኔ አምጡት። አሥራ አንድ ሰው ወደደላት። ከአሥራ አንዱ አራቱ የባሏ ቤተሰብ ናቸው።

«ሰባት ባዳ አገኘሽ እኮ!» አለች የባሏ እህት፤ «ባዳ ሲወድሽ ነው የሚቆጠረው!»

ሰባቱ ባዳ ሰባ ሆነ፤ ሰባው ሰባት ሺህ። ሰው ለካ በየቤቱ የተበጠሰ ቁልፍ ይዞ የሚያማክረው አጥቶ ተቀምጦ ኖሯል። የኮሌታ ላብ በምን ይለቃል? የታላቅ ወንድምን ኮት ለታናሹ እንዴት ማጥበብ ይቻላል? ልጇን ትምህርት ቤት ስታደርስ እናቶች በሩ ላይ ያስቆሟታል፤ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት፣ «ይቅርታ፣ የመርፌና ክር እመቤት ነሽ?» ብላ የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ አሳይታታለች። አንድ ቅዳሜ ደግሞ እንዲህ የሚል መልእክት ደረሳት፦ «እባክሽ ሠርግ ላይ ነኝ። ሚዜ ነኝ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆልፌ ቆሜአለሁ። የጀርባዬ ዚፕ ከነጥርሱ ተበተነ። ምን ላድርግ?» ድንቢጥ ዘይት ልትገዛ ሱቅ በር ላይ ቆማ ነበር። በድምፅ እየቀዳች መለሰችላት፦ የጆሮሽን ጌጥ አውልቂ፣ በሽቦው ከላይ ወደ ታች እየወጋሽ እሰሪው፣ በሻርፕሽ ሸፍኚው፣ ሰው ሲያቅፍሽ ግን ወደ ኋላ ሸሸት በይ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ስትጨፍር የተነሣችውን ቪዲዮ ላከችላት። ድንቢጥ ዘይቱን ረስታ ቤቷ ገባች።

አለቃው ስለ ገጹ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደንበኞች ስልክ ይዘው እየገቡ «ልክ እንደዚህ» እያሉ ፎቶ ያሳዩአቸዋል። ይህ አላስደሰታቸውም። «ድሮ ሰው ገብቶ ‹እርስዎ እንደሚያውቁት› ነበር የሚለኝ» ይሉ ነበር።

ቆራጩ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድንቢጥ በሕይወቷ ካደረገችው ሁሉ ደፈር ያለውን አደረገች። «ያለ ሜትር የልጅ ቀሚስ» ብላ ጻፈች። የእናቷን አቆራረጥ ነው፤ ለሰው ነግራው አታውቅም። «ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ ሁለት ስንዝር። ለእጅጌ ሦስት ስንዝር ሦስት ጣት ሲጎድል። ከትከሻ እስከ ጉልበት አራት ስንዝር ተኩል። ለስፌት ዳር ዳሩን አንድ ጣት ይተርፍ። ለማደጊያ ከታች አራት ጣት ታጥፎ ይቀር።» ከሥሩ የስድስት ዓመት ልጇን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ስትሽከረከር አሳየች። ቀሚሱ ልጅቷ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር።

ጽሑፉ እሳት ሆነ። በሦስት ቀን ውስጥ ድንቢጥ የማታውቀው አገር ድረስ ሄደ። ሜትር የሌላት እናት ሁሉ፣ ሜትሩን ልጆች የቆራረጡባት እናት ሁሉ፣ «ተባረኪ» እያለች ጻፈችላት። የባሏ እህት መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆማ ለደንበኛ ሁሉ፣ «የወንድሜ ሚስት ናት!» ትል ነበር።

በአራተኛው ቀን ፎቶዎቹ መምጣት ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ ልጅ በቀሚሱ ውስጥ የለችም ማለት ይቀላል። አንገቷ ብቻ ከላይ ይታያል፤ እጅጌው መሬት ይጠርጋል። ከሥሩ፣ «እህቴ፣ ጎረቤቷም አብራ ትገባበታለች» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛዋ ድንኳን የለበሰች ትመስላለች። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ይሰፋል፤ ለምን ቢባል የቆረጠው አባትየው ነው። ሃያ፣ ሠላሳ፣ መቶ። ከሁሉም የከፋው ሁሉም በእኩል ልክ አለመሳሳታቸው ነው፤ አንዱ በጥቂት፣ አንዱ በብዙ። ሰው ልጁን ትልልቅ ልብስ እያለበሰ እየሳቀ ይለጥፍ ጀመር፤ የሳምንቱ ቀልድ ሆነች። የሚስቁት ባልከፉ። አንዲት ሴት ብቻ፣ «ለልደቷ አስቀምጬው የነበረ ጨርቅ ነው። አምኜሽ ነበር» ብላ ጻፈች። ድንቢጥ ያንን ስታነብ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

በነጋታው አንዲት መምህርት መጣች። በስልክ ነው የመጣችው። የስፌት ማሠልጠኛ ያላት፣ ብዙ ሰው የሚከተላት፣ ሜትር እንደ ሐብል አንገቷ ላይ የማይጠፋ ሴት ናት። በቪዲዮው ላይ መዳፏን ዘርግታ፣ «ሁለት ስንዝር ይላል ጽሑፉ። የማን ስንዝር? የኔ? የባሌ? የዘበኛችን?» አለች። «እናቶች ሆይ፣ ሜትር የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጨርቃችሁን ለቀልደኛ አትስጡ።»

አለቃው ቪዲዮውን ያዩት በሚስታቸው ስልክ ነው። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታም አልሰጡ።

«በስንዝር! ዛሬም በስንዝር! ደግሞ በአንዱ ፎቶ ላይ የቤቴ ስም ከጀርባሽ ይታያል። ደንበኛ ደውሎ ‹የኔንም ኮት በስንዝር ነው እንዴ የቆረጣችሁት?› አለኝ። እስከ ቅዳሜ ገጹን ዝጊ። ለጠረጴዛውም ሌላ ሰው አነጋግሬአለሁ።»

«ጋሼ…»

«ቁልፍሽን ትከዪ።»

ድንቢጥ መርፌዋን አነሣች። ቀኑን ሙሉ ቀና አላለችም። ካውያ እንኳ አልቀለደባት፤ ሲያልፍ አንድ ብርጭቆ ሻይ ወንበሯ አጠገብ አስቀምጦ ሄደ።

ከሥራ ወጥታ ቤት ስትገባ ገና ብርሃን ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ዘረጋች። ቀሚሱ እኮ ልክ ነበር! ራሷ ነች የቆረጠችው! ጽሑፉን ከስልኳ እያነበበች አንድ በአንድ በገዛ ስንዝሯ ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ቆማ አየችው። ወረቀቱ ላይ የተኛው የትልቅ ሰው ቀሚስ ነው። ለሷ ራሷ ይሆናት ነበር። እንደገና ለካች። ያው።

«አብጃለሁ እንዴ?» አለች ጮክ ብላ።

ልጇ ከውጭ እየሮጠች ገባች። ጋዜጣውንና ጠመኔውን ስታይ ምንም ሳትጠየቅ ጫማዋን አውልቃ ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች፣ መዳፏን በወረቀቱ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች፣ ጠበቀች። እናቷ እጇን ሳትይዝላት ስትቀር ቅር አላት።

«እማዬ፣ በኔ እጅ ነው እኮ የምትለኪው! ለምን በራስሽ ትለኪያለሽ?»

ድንቢጥ ያቺን ትንሽ መዳፍ አየቻት። ያን ጊዜ ገባት። እናቷ ልጅ ሲመጣላቸው ቁጭ አድርገው እጁን ይይዙና በጨርቁ ላይ ያስኬዱት ነበር፤ አውራ ጣት፣ ትንሽ ጣት፣ አውራ ጣት፣ ትንሽ ጣት፤ ልጁ እየተኮረኮረ ይስቅ ነበር። ልብሱ የሚለካው በለባሹ ስንዝር ነው! በሰፊዋ ስንዝር የሰው ገላ ማን ለክቶ ያውቃል? ይህ ለድንቢጥ ውሃ በብርጭቆ ይጠጣል እንደማለት ስለነበር መጻፍ እንዳለበት ለቅጽበት እንኳ አልታሰባትም። አንዷን ዋና ቃል ብቻ ትታ ሌላውን ሁሉ ጽፋለች።

ሳቀች። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ። ልጅቷም ለምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

የባሏ እህት በስልክ ነገሩን ስትሰማ ወዲያው መላ መታች። «በጣም ጥሩ። የድሮውን አጥፊው፣ አዲስ ጻፊ፣ ማንም ልብ አይልም። ሰው በሳምንት ይረሳል።»

«ጨርቋን ያበላሸሁባት ሴት ግን አትረሳም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጥፋቴን ልናገር ነዋ።»

የድሮውን አላጠፋችውም። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ስንዝሩ የልጅቷ ነው፤ የናንተ አይደለም። ልጅቷን ከጨርቁ አጠገብ አስቀምጡ፣ እጇን ይዛችሁ አስኪዱት። ይህን ሳልጽፍ የቀረሁት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለመሰለኝ ነው። የተበላሸውን ቀሚስ አትጣሉት፤ ትልቅ ስለሆነ ጨርቁ አልጠፋም፤ ፈትታችሁ በልጅቷ እጅ እንደገና ለኩት።» ለዚያች ለልደት ጨርቅ ሴት ለብቻዋ ጻፈችላት፤ ቀሚሱን እንዴት እንደምትፈታው ደረጃ በደረጃ በድምፅ ነገረቻት።

ሰው ግን በአንድ ቀን አይታረቅም። «አሁን ደግሞ ሰበብ መጣ» ያሉ ነበሩ። መምህርቷም ከሥሩ ጻፈች፦ «በወሬ አይደለም። ልኳን የማታውቂያትን ልጅ ላምጣልሽ፣ ሁሉም እያየ ቁረጪ።»

ድንቢጥ «ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ» ብላ መለሰች። ከዚያ ነው ጠረጴዛው የሷ አለመሆኑ ትዝ ያላት።

ጠዋት አለቃው ሳይቀመጡ ፊታቸው ቆመች። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ገጹን ዝጊ ብለውኛል። እዘጋለሁ። ግን ከመዝጋቴ በፊት በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀሚስ ልቁረጥ። ጨርቁ የኔ ነው። ልክ ካልሆነ ገጹም ይዘጋል፣ ስለ ጠረጴዛውም ሁለተኛ አላነሣም።»

«ልክ ከሆነስ?»

«ጠረጴዛውን ይሰጡኛል።»

ካውያ ከጥጉ፣ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እኮ የርስዎን ቤት ነው። እምቢ ካሉ ፈሩ ይባላል» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ!» አሉ አለቃው። ግን እሺ አሉ።

ቅዳሜ ክፍሉ ጢም አለ። የባሏ እህት ስልኩን በመደርደሪያው ላይ አቆመችውና በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረች፤ የተመልካቹ ቁጥር ሲወጣ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። መምህርቷ ገባች፤ በስልክ ከምትታየው ይልቅ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋም ለስላሳ ነው። በእጇ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ይዛለች።

«ልጄ ናት» አለች። «ልኳን አልነግርሽም።»

«አይንገሩኝ እትዬ» አለች ድንቢጥ። ከዚያ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «እጅሽን ታበድሪኛለሽ? መኮርኮር ግን አለው።»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋች። ድንቢጥ ትንሿን መዳፍ ይዛ በልጅቷ በራሷ ትከሻ ላይ፣ በክንዷ ላይ፣ እስከ ጉልበቷ ድረስ አስኬደቻት። ልጅቷ ተንከተከተች። ድንቢጥ ግን በግራው ትከሻ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። እንደገና ከአንገት ወደ ትከሻ አስኬደች። ግራው ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ብዙ አይደለም፤ ሁለት የልጅ ጣት። የልጅቷ ሹራብ በዚያ በኩል ተንሸራቶ ነበር፤ ልጅቷም ሳታውቀው ወደ ላይ ጎተት ታደርገዋለች፤ ለዓመታት የለመደችው መሆኑ ያስታውቃል።

ድንቢጥ ስልኩን አየች፣ መምህርቷን አየች፣ ምንም አላለችም። ቢጫውን ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ የልጅቷን እጅ አስኬደችበት፣ በጠመኔ አሰመረች። መቀሱ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የብረቱ ድምፅ ብቻ ነበር።

የፊቱና የኋላው ጨርቅ ተቆርጦ እንዳለቀ አለቃው አላስቻላቸውም። ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ቀኙን ለኩ፣ ግራውን ለኩ፣ ደገሙ።

«ይኸው!» አሉ ወደ ስልኩ ዞረው። «እኩል አይደለም! ግራው በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል! እኔ ምን አልኩ? በስንዝር ይህ ነው የሚመጣው። ተበላሸ!»

የባሏ እህት ፊቷ አመድ መሰለ። በስልኩ ላይ አስተያየቱ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ሳቅ፣ «ወይኔ»፣ ሳቅ። ካውያ አንገቱን ደፋ። ድንቢጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። «የልጅቷ ትከሻ…» ብላ ብትጀምር። ልጅቷ ግን ፊቷ ቆማለች፤ በስልኩ ወዲያ ደግሞ ስንት ሺህ ሰው አለ።

«ይሰፋና ይታይ ጋሼ» አለች።

«ምኑ ይታያል? እኔ ዓይን አለኝ!»

«ይሰፋ» አለ ሌላ ድምፅ። መምህርቷ ናት። ጠረጴዛው አጠገብ ተጠግታ የተቆረጠውን ጨርቅ በጣቷ ጫፍ ነክታ አየችው፤ ፊቷ ተለውጧል። «ጌታዬ፣ እባክዎ ትስፋው።»

ድንቢጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እግሯ መርገጫውን እንዲህ ረግጦት አያውቅም። ትከሻ፣ ጎን፣ እጅጌ፣ አንገት። ካውያ ሳይጠየቅ ተቀብሎ ስፌቱን በካውያው ተጫነው፣ ገና ትኩስ እንዳለ አቀበለ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለበሰችው።

ስትወጣ ሁሉም ዞሮ አያት። ቢጫው ቀሚስ በሁለቱም ትከሻዋ ላይ አርፎ ተቀምጧል። አልሰፋም፣ አልጠበበም፣ አልተንሸራተተም፤ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ በአንድ መስመር ወረደ። ልጅቷ ከልማዷ የተነሣ እጇን ወደ ግራ ትከሻዋ ሰደደች፤ የሚጎተት ነገር አጣች። እጇ እዚያው እንደቆመ ወደ መስተዋቱ ዞረች። አንድ ጊዜ ተሽከረከረች፣ ሁለት ጊዜ ተሽከረከረች፣ ከዚያ እጆቿን ዘርግታ በክፍሉ ዙሪያ መሮጥ ጀመረች።

መምህርቷ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ለስልኩ፣ «ልክ ነው። በጣም ልክ ነው። ተሳስቼ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ድንቢጥ ተጠግታ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፣ «እኔ እናቷ፣ ለሰው ስፌት እያስተማርኩ፣ ስምንት ዓመት ትከሻዋን በስፖንጅ ስደግፈው ኖርኩ። አይተሽ ዝም አልሽ፤ ለሱ ነው ከሁሉ በላይ የማመሰግንሽ» አለቻት።

አለቃው ልጅቷ ስትሮጥ በዓይናቸው ተከተሏት። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰው ናቸውና በመጨረሻ የትከሻዋን ነገር አዩት። ሜትራቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ፣ ኪሳቸው ከተቱ።

«ያ ሰውዬ… ያነጋገርኩት ቆራጭ…» አሉ። «ካውያ፣ ደውለህ አይምጣ በለው።»

«ምክንያቱን ቢጠይቀኝስ ጋሼ?»

«ቦታው ተይዟል በለው!»

ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። የባሏ እህት ስልኩን ጥላ ድንቢጥን ከመሬት አንሥታ አሽከረከረቻት፤ የሚያዩት ሺዎች ለአምስት ደቂቃ ያህል የተመለከቱት የጣሪያውን መብራት ብቻ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አልወጣም። ማታውኑ የተፈቱትና እንደገና የተሰፉት ቀሚሶች ፎቶ ይጎርፍ ጀመር። በእርጥብ ፀጉር፣ በወለቀ ጥርስ፣ በአጥር ላይ፣ በአልጋ ላይ፤ ቀይ፣ አበባማ፣ ባለ መስመር፤ ሁሉም ልክ። የልደት ጨርቋ ሴት የላከችው ቃል የለውም፤ ኬክ ፊት የቆመች ልጅ ብቻ ናት፣ የገዛ መዳፏን ለካሜራው ዘርግታ።

ሰኞ ጠዋት ድንቢጥ አዲሱ ቦታዋ ላይ ስትቆም አንድ ማንም ያላሰበው ችግር ተገኘ። ጠረጴዛው ለረጅም ሰው የተሠራ ነው። ደረቷ ላይ ይደርሳል፤ ከወዲያኛው ጠርዝ ያለውን ጨርቅ ለመያዝ በጣቶቿ ጫፍ መቆም አለባት። ካውያ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው።

«ሣጥን ላይ ትቁም» አለ አንዱ።

አለቃው ዙሪያውን ዞሩት። ያ ጠረጴዛ ቤቱ ሲከፈት የገባ ነው፤ ከጠንካራ እንጨት ነው። ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ ከጎን ያለውን አናጺ ከነመጋዙ አስከትለዋል።

አናጺው ተንበርክኮ የጠረጴዛውን እግር ነካና ቀና ብሎ፣ «ስንት ሳንቲሜትር ልቀንስ ጌታዬ? እግሩ አንዴ ከተቆረጠ ተመልሶ አይረዝምም፤ ነግሬዎታለሁ» አለ።

አለቃው ለቅጽበት እንኳ አላመነቱም።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ቆራጯን ጠይቃት!»